ስለ ፍርድ ቤት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች፦ ከሰሜን ሸዋ ወረዳዎች እስከ ሄግ

«በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታንገበግበኛለች» ይላል ያገሬ ሰው። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ይህን አባባል የማያውቅ የለም። ስለ ፍርድ ቤት አሠራር ግን ብዙ ሰው ይቸገራል። ከመሐል ሜዳ የመጣው ስለ መሬት፣ ከሸዋ ሮቢት የመጣችው ስለ ውርስ ይጠይቁኛል። ደብረ ብርሃን ያሉ ተማሪዎች ደግሞ የአሜሪካ ፊልም አይተው ይጠይቁኛል። የሚደጋገሙትን ጥያቄዎች እዚህ ሰብሰብ አድርጌያለሁ። የሌላውን አገር አሠራር አብሬ የማነሳው የእኛን የበለጠ ስለሚያስረዳ ነው።

ሽማግሌም ያስታርቃል፣ አስተዳዳሪም ይወስናል። ፍርድ ቤት በምን ይለያል?

ዳኛ ምክንያቱን የመናገር ግዴታ አለበት። «ለእሱ ፈርጃለሁ» ብሎ መነሳት አይችልም። የትኛውን ማስረጃ እንደተቀበለ፣ የትኛውን ሕግ እንደተከተለ በጽሑፍ ያሰፍራል። ያ ጽሑፍ ደግሞ ለሌላ ዳኛ ሊቀርብ ይችላል። እኔ የፍርድ ቤትን ነገር የምመዝነው በዚህ ነው፦ ምክንያቱ ተጽፏል ወይ? ሌላ ሰው ሊያየው ይችላል ወይ? ዓለም ላይ ያሉ ፍርድ ቤቶች በብዙ ነገር ይለያያሉ። በዚህ በኩል ግን ደህና የሚባሉት ሁሉ ይመሳሰላሉ።

የሁሉም አገር ፍርድ ቤት አሠራር አንድ ነው?

አይደለም። በሰፊው ሲታይ ሁለት ትልልቅ ቤተሰቦች አሉ። በእንግሊዝ፣ በአሜሪካ፣ በሕንድና በኬንያ ቀደም ሲል የተሰጠ የበላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ለኋለኛው ዳኛ ሕግ ይሆናል። ጠበቃ ሲከራከር የቆየ ውሳኔ እየጠቀሰ ነው። በፈረንሳይ፣ በጀርመንና በጃፓን ደግሞ መነሻው የተጻፈው የሕግ መጽሐፍ፣ ማለትም ኮዱ ነው።

እኛ ከሁለቱም ወስደናል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችንን ያረቀቁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ረኔ ዳቪድ ናቸው። የሥነ ሥርዓት ሕጎቻችን ላይ ግን የእንግሊዝና የሕንድ አሻራ አለ። ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የፌዴራል ሰበር ሰሚ ችሎት (የመጨረሻ ፍርድ ላይ መሠረታዊ የሕግ ስህተት አለ ወይ የሚለውን የሚያየው ችሎት) የሚሰጠው የሕግ ትርጉም የበታች ፍርድ ቤቶችን ሁሉ ያስገድዳል። ለዚህ ነው ጠበቆች «በሰበር ቅጽ ይህን ያህል ላይ» እያሉ የሚጠቅሱት። ውሳኔዎቹ በቅጽ በቅጽ እየታተሙ ይወጣሉ፤ ከሃያ ቅጽ አልፈዋል።

ፊልም ላይ የሚታዩት 12 ሰዎች እነማን ናቸው? እኛ ጋ ለምን የሉም?

ጁሪ ይባላሉ። ሕግ ያልተማሩ፣ ከሕዝቡ በዕጣ የሚጠሩ ሰዎች ናቸው። «አጥፍቷል፣ አላጠፋም» የሚለውን እነሱ ይወስናሉ፤ ቅጣቱን አብዛኛውን ጊዜ ዳኛው ይወስናል። በእንግሊዝ 12 ናቸው፣ በስኮትላንድ የወንጀል ችሎት 15። አሜሪካ ውስጥ በከባድ ወንጀል ሁሉም መስማማት አለባቸው።

ጃፓን ሌላ መንገድ መርጣለች። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ከባድ ወንጀል ላይ ስድስት ተራ ዜጎች ከሦስት ዳኞች ጋር አብረው ተቀምጠው ይፈርዳሉ። ደቡብ አፍሪካ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1969 ጁሪን ጭራሽ አስቀርታለች። በዘር በተከፋፈለ አገር ነጮች ብቻ የተቀመጡበት ጁሪ ምን ሊፈርድ እንደሚችል መገመት አያቅትም።

እኛ ጋ ፍሬ ነገሩንም ሕጉንም የሚወስነው ዳኛ ነው። እውነቱን ለመናገር ይህን አልጠላውም። ጁሪ ምክንያቱን አይጽፍም፤ ዳኛ ግን ይጽፋል።

አያቶቻችን እንዴት ይዳኙ ነበር?

ይህን ጥያቄ ሲጠይቁኝ ደስ ይለኛል። አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ ነበረች። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴም ሆኑ ኋላ አፄ ምኒልክ ችሎት ተቀምጠው አቤቱታ ይሰሙ ነበር። ከንጉሡ በታች ዋናው ዳኛ አፈ ንጉሥ ነበር። ከዚያ እየወረደ እስከ መንገድ ዳኛ ይደርሳል። የመንገድ ዳኛ ማለት ሁለት የተጣሉ ሰዎች መንገድ ላይ ያገኙትን አላፊ «ዳኘን» ብለው የሚያስቆሙት ሰው ነው። እሱም እምቢ አይልም፤ ዛፍ ጥላ ሥር ይቀመጣል።

ክርክሩ ራሱ ሙያ ነበር። ተከራካሪው ቆሞ፣ ኩታውን አስተካክሎ «በላ ልበልሃ» እያለ በግጥም ይሞግታል። ተጠየቁ ሲጀመር ሰው ሥራውን ትቶ ይከባል። በበቅሎና በማር መወራረድም ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ በኩታ ጫፍ ተቆራኝተው አንድ ላይ ዳኛ ፊት ይሄዱ ነበር። ጠብ መሐል «በሕግ አምላክ!» የተባለ ሰው ደግሞ ያነሳውን ዱላ ያወርዳል። ፖሊስ በሌለበት ገደል ውስጥ አንድ ቃል ሰውን ያቆም ነበር! ይህ ትልቅ ሀብት ነው።

ሁሉም ግን ደግ አልነበረም። በአውጫጭኝ አንድ መንደር ተሰብስቦ ጥፋተኛውን እስኪያወጣ ድረስ ይያዝ ነበር። ያላጠፋውም አብሮ ይንገላታል። ዛሬ ማንም ሰው ጥፋቱ በማስረጃ እስኪረጋገጥ ንጹሕ ነው የምንለው እንዲህ ያለውን ነገር ለማስቀረት ነው።

አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የፍትሕ ሚኒስትርነቱን ያገኙት አፈ ንጉሥ ነሲቡ ነበሩ። የንጉሠ ነገሥቱ ዙፋን ችሎት ግን እስከ 1966ቱ አብዮት ዘልቋል። በጠቅላይ ንጉሠ ነገሥት ፍርድ ቤት የተረታ ሰው እንኳ ጃንሆይ ፊት አቤት ይል ነበር።

በወረዳ ተረትቻለሁ። ቀጥሎ የት ነው የምሄደው?

የወረዳ ፍርድ ቤት ከፈረደ ይግባኙ ደብረ ብርሃን ላለው የዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው። ከዚያ በላይ የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አለ። መቀመጫው ባሕር ዳር ነው።

እዚህ ላይ ሰው ይናደዳል። «አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ እኔ ለምን ዓባይን ተሻግሬ እሄዳለሁ?» ይላል። ቅሬታው ይገባኛል። ምክንያቱ ፌዴራሊዝም ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት የፌዴራልና የክልል ፍርድ ቤቶችን ለያይቶ አቋቁሟል። አሜሪካም እንዲሁ ናት፤ እያንዳንዱ ግዛት የራሱ የፍርድ ቤት መሰላል አለው። ሕንድ ግን ፌዴራል ሆና መሰላሏ አንድ ነው፤ ሁሉም ዞሮ ዞሮ ኒው ዴልሂ ይገናኛል።

ይግባኝ ማለቂያ የለውም ብሎ ማሰብም ስህተት ነው። በፍትሐ ብሔር ይግባኝ ሰሚው የሥር ፍርዱን ካጸናው መደበኛው ይግባኝ እዚያ ያበቃል። ከለወጠው ወይም ካሻሻለው ግን አንድ እርከን መውጣት ይቻላል።

ሰበር ሌላ ነገር ነው። ሰበር «ምስክሬን አላመኑልኝም» የሚባልበት ቦታ አይደለም። መሠረታዊ የሕግ ስህተት አለ ወይ የሚለውን ብቻ ያያል። ለክልል ጉዳይ የክልሉ ሰበር አለ፤ ሕጉ በሚፈቅደው ጉዳይ ደግሞ የፌዴራሉ። በፌዴራሉ መጀመሪያ ሦስት ዳኞች ያጣራሉ፤ ያስቀርባል ካሉ አምስት ዳኞች ያዩታል። አሠራሩ የፈረንሳይን ይመስላል፤ እነሱ የሰበር ፍርድ ቤት ያቋቋሙት እ.ኤ.አ. በ1790፣ በአብዮታቸው ማግስት ነው።

ቀኑ ካለፈብኝስ?

ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ይህ ጥያቄ ነው። ጉዳያቸው ጥሩ ሆኖ በቀን የሚረቱ ሰዎች አሉ።

በፍትሐ ብሔር የይግባኝ ጊዜ 60 ቀን ነው። ለፌዴራል ሰበር 90 ቀን። በወንጀል ጊዜው ያጥራል፦ ይግባኝ እንደሚሉ በ15 ቀን ውስጥ ያሳውቃሉ፤ የውሳኔው ግልባጭ ከደረሰዎ በኋላ በ30 ቀን ማመልከቻውን ያስገባሉ።

መዝገብ ቤት መስኮት ላይ ብዙ ጊዜ የምሰማው ንግግር እንዲህ ነው።

«ልጄ፣ ለገና ነበር የፈረዱብኝ። አሁን አቤት ልበል ብዬ መጣሁ።»

«እማማ፣ ግልባጩን ወስደው ነበር?»

«የምን ግልባጭ?»

ጊዜው ፋሲካን አልፏል። ልጁ ወረቀቱን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ ዝም ይላል።

ስለዚህ ፍርዱ በተነበበ ዕለት፣ እዚያው፣ ከግቢው ሳይወጡ የውሳኔውን ግልባጭ ይጠይቁ። የጠየቁበትን ቀን የሚያሳይ ወረቀት ይያዙ። የመዝገብ ቁጥሩን ስልክዎ ላይ ጻፉልኝ ይበሉ። ከአቅም በላይ የሆነ በቂ ምክንያት ካለ የማስፈቀጃ አቤቱታ ማቅረብ ይቻላል፤ «አላወቅሁም» ማለት ግን በቂ አይሆንም። መጥሪያ ሳይደርሰዎ በሌሉበት ተፈርዶ ከሆነ ደግሞ መፈረዱን ባወቁ በአንድ ወር ውስጥ ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ ይጠይቁ።

ዳኛን ማን ይሾማል? ማንስ ያነሳዋል?

አሜሪካ ውስጥ ለጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዘጠኝ ዳኞች ፕሬዚዳንቱ ያጫል፣ ሴኔቱ ያጸድቃል። ሹመቱ የዕድሜ ልክ ነው። ብዙ ግዛቶች ውስጥ ግን ዳኛ እንደ ፖለቲከኛ በምርጫ ይወዳደራል። ለምርጫ ገንዘብ የሚሰበስብ ዳኛ ነገ ገንዘቡን የሰጠው ሰው ሲከሰስ ምን ያደርጋል? ይህን አሠራር ልቤ አይቀበለውም። የጀርመን ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት 16 ዳኞች አሉት፤ የሚያገለግሉት ለ12 ዓመት ብቻ ነው፤ ድጋሚ አይመረጡም። ድጋሚ ሹመት የማይጠብቅ ሰው ሿሚውን አይፈራም።

በእኛ የክልል ዳኞችን የዳኞች አስተዳደር ጉባኤ ያቀርባል፣ የክልሉ ምክር ቤት ይሾማል። ሕገ መንግሥቱ ዳኛ ከሕግ በቀር በሌላ አይመራም ይላል። የሚነሳውም በዲሲፕሊን ጥፋት፣ በጉልህ የችሎታ ማነስ ወይም በሕመም ምክንያት ነው፤ የወረዳ ሹም ስለተቀየመው ሊነሳ አይገባም። በ2011 ዓ.ም. ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው ሲሾሙ በዚያ ወንበር የተቀመጡ የመጀመሪያዋ ሴት ነበሩ።

ሽማግሌ ካስታረቀን ፍርድ ቤት መሄድ አለብን?

የገንዘብ፣ የወሰን፣ የውርስ ጉዳይ ከሆነ እርቁ ይበቃል። ብቻ ይጻፍ። ክስ ተከፍቶ ከሆነ ስምምነቱን ለችሎቱ አቅርባችሁ አስመዝግቡት፤ ያን ጊዜ እንደ ፍርድ ይፈጸማል። ያልተጻፈ እርቅ ሽማግሌዎቹ ሲያልፉ አብሮ ያልፋል።

ወንጀል ይለያል። ቀላል ስድብን የመሰለ፣ በግል አቤቱታ ብቻ የሚያስከስስ ነገር በእርቅ ሊቆም ይችላል። ነፍስ ከጠፋ ግን ክሱ የዐቃቤ ሕግ ነው። ደም ለማድረቅ ሽማግሌና ካህን ገብተው፣ ካሳ ተከፍሎ፣ ሁለቱ ወገኖች ማዕድ ቢቆርሱም የወንጀል ክሱ ይቀጥላል። ሰዎች ይህን ሲሰሙ «ታዲያ እርቁ ምን ሠራ?» ይላሉ። እርቁ የሚቀጥለውን ግድያ ያቆማል። ገዳይ እስር ቤት ቢገባ ወንድሙ ገበያ መውጣቱ አይቀርም። እሱን የሚያድነው እርቁ ነው።

በዚህ ጉዳይ ከሩዋንዳ የምንማረው ብዙ ነው። ከዘር ጭፍጨፋው በኋላ መደበኛው ፍርድ ቤት ያን ሁሉ ተከሳሽ ሊያዳርስ አልቻለም። ስለዚህ ጋቻቻ የሚባለውን የመንደር ሸንጎ እንደገና አቋቋሙ። እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2012 ድረስ ሁለት ሚሊዮን የሚጠጋ ጉዳይ አይቷል። ጠበቃ አልነበረም ተብሎ በጣም ተወቅሷል፤ ወቀሳው ትክክል ነው። ያም ሆኖ ብዙ ቤተሰብ የሟቹ አስከሬን የት እንዳለ ያወቀው እዚያ ሣር ላይ ተቀምጦ ነው። ሕንድ ደግሞ ሎክ አዳላት የሚባል የእርቅ ችሎት አላት፤ እዚያ የተደረሰበት ስምምነት እንደ ፍርድ ይቆጠራል፣ ይግባኝም የለውም።

ፖሊስ ከያዘኝ በስንት ሰዓት ዳኛ ፊት መቅረብ አለብኝ?

በ48 ሰዓት። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ላይ አለ። ከተያዙበት ቦታ እስከ ፍርድ ቤቱ ለመድረስ በግምት የሚያስፈልገው የመንገድ ጊዜ አይቆጠርም። ከጀማ ወንዝ ሸለቆ ወይም ከመንዝ ገደላ ገደል የተያዘ ሰው ላይ ይህ ትርጉም አለው፤ ነገር ግን መንገድ መንገድ ነው፣ ሳምንት ሊሆን አይችልም። ሕንድ 24 ሰዓት ነው፤ እነሱም የመንገዱን ጊዜ አይቆጥሩም። ኬንያ 24፣ ደቡብ አፍሪካ 48።

ዳኛው ፖሊስ ምርመራውን እንዲጨርስ ቀጠሮ ሊሰጥ ይችላል፤ አንዱ የጊዜ ቀጠሮ ከ14 ቀን አይበልጥም። በጊዜው ካላቀረቡዎ ቤተሰብዎ አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ ማስገባት ይችላል። ይህን መብት ብዙ ሰው አያውቀውም፤ እባካችሁ ለጎረቤት ንገሩ።

ጠበቃ የምቀጥርበት ገንዘብ የለኝም።

በከባድ ወንጀል ከተከሰሱና ያለ ጠበቃ ፍትሕ የሚጓደል ከሆነ መንግሥት ተከላካይ ጠበቃ ያቆምልዎታል። በአሜሪካ ይህ መብት በግዛቶች ፍርድ ቤት የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። ክላረንስ ጌዲዮን የሚባል እስረኛ ከእስር ቤት ሆኖ በእርሳስ በጻፈው አቤቱታ ነው የመጣው። አንድ ድሃ በእርሳስ ጽፎ ያን ሁሉ አገር ቀየረ።

በፍትሐ ብሔር የዳኝነት ክፍያ ካቃተዎ በደሃ ደንብ ለመክሰስ ያመልክቱ። አቅም እንደሌለዎ በቃለ መሐላ ያረጋግጣሉ፣ ፍርድ ቤቱም ያጣራል። ቋንቋውን የማይችሉ ሰው የወንጀል ተከሳሽ ከሆኑ አስተርጓሚ በመንግሥት ወጪ ይመደብልዎታል። ኦሮምኛ ወይም አርጎብኛ ብቻ የሚናገሩ ዘመዶች ያሏችሁ ይህን ያዙ።

ኢፋት አካባቢ የሸሪዓ ፍርድ ቤት አለ ይባላል። ማንን ይመለከታል?

ጋብቻ፣ ፍቺ፣ ውርስና የመሳሰሉትን ያያል። ሁለቱም ወገን ሲፈቅድ ብቻ። መጥሪያ ደርሶዎ «እዚያ መዳኘት አልፈልግም» ካሉ ጉዳዩ ወደ መደበኛው ይሄዳል። አንዴ ከፈቀዱ በኋላ ግን ወደ ኋላ መመለስ የለም።

ሕገ መንግሥቱን የሚተረጉም ፍርድ ቤት አለን?

የለንም። ሥልጣኑ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። አሥራ አንድ አባላት ያሉት የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ያጠናል፣ ምክር ቤቱ ይወስናል። ይህ በዓለም ላይ እምብዛም የማይታይ አሠራር ነው። አሜሪካ ከ1803 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይህን የሚያደርገው ጠቅላይ ፍርድ ቤቷ ነው። ጀርመን ካርልስሩኸ ከተማ ላይ ራሱን የቻለ ፍርድ ቤት አቁማለች። የኬንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2017 የፕሬዚዳንት ምርጫ ውጤት ሰርዞ እንዲደገም አዟል፤ በሥልጣን ላይ ያለው ፕሬዚዳንት አሸንፏል የተባለበትን ምርጫ! የማላዊ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2020 እንዲሁ አድርጓል። እኔ በበኩሌ የፖለቲካ አባላት ያሉበት ምክር ቤት ይህን ያህል ሥልጣን መያዙ ያሳስበኛል።

ሄግ ሄጄ መክሰስ እችላለሁ?

አይችሉም። ሄግ ውስጥ ሰው የሚያምታታቸው ሁለት ፍርድ ቤቶች አሉ። 15 ዳኞች ያሉት ዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤት አገርን ከአገር ያከራክራል። እ.ኤ.አ. በ2002 ሥራ የጀመረው ዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት ደግሞ በዘር ማጥፋትና በጦር ወንጀል የተጠረጠሩ ግለሰቦችን ይዳኛል፤ ክሱን የሚያቀርበው ግን የራሱ ዐቃቤ ሕግ ነው። ኢትዮጵያ የዚህኛው አባል አይደለችም። ሁለቱም የወረዳ ፍርድ ይግባኝ አያዩም።

ጉዳይ ሳይኖረኝ ችሎት ገብቼ መመልከት ይፈቀድልኛል?

ይፈቀድልዎታል። ችሎት ግልጽ ነው። የዕለቱ ጉዳዮች ዝርዝር ግድግዳው ላይ ይለጠፋል፤ ደብረ ብርሃን ላይ ጠዋት ባናውንና ጋቢውን የደረበ ሰው ተጋፍቶ ስሙን ሲፈልግ ያያሉ። ስልክዎን ያጥፉ፣ ዳኞች ሲገቡ ይነሱ፣ ከኋላ ይቀመጡ። የሚዘጋው የተከራካሪዎችን የግል ሕይወት፣ የሕዝብን ሞራል ወይም የአገርን ደኅንነት ለመጠበቅ ሲባል ብቻ ነው። የመጀመሪያ ቀጠሮ ያላችሁ ሰዎች ከቀጠሯችሁ በፊት አንድ ቀን ገብታችሁ የሌላ ሰው ክርክር አድምጡ። ዳኛው ምን እንደሚጠይቅ፣ ምስክር እንዴት እንደሚምል፣ መቼ መናገር መቼ ዝም ማለት እንደሚያስፈልግ በአንድ ጠዋት ይገባችኋል።